የጭራቅ ተረት ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከጀመሩ ጀምሮ እከታተላለሁ። እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም፤ የእኔ ነገር ለሰው ቢያወሩት የሚያስቅ ነው።

የ33 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ነው። በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ቀን ላይ ለሚያየኝ ምንም የማይጎድለኝ ሰው ነኝ። ሌሊት ባሌና ልጄ ሲተኙ ግን የጆሮ ማዳመጫዬን አደርግና ከስልኬ ላይ አስፈሪ ታሪክ እከፍታለሁ። መቃብር ቤት ያደረ ሰው፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን ጎረቤት፣ በር የሚያንኳኳ ጭራቅ፣ ብቻ የሚያስፈራ ይሁን። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ እንቅልፍ ያጣል። እኔ ደግሞ እሱን ስሰማ ነው ሰውነቴ ዘና የሚለው። በተለይ በሥራ የተወጣጠርኩ ሰሞን፣ ወይ ከባለቤቴ ጋር የተኳረፍን ቀን፣ ያለዚያ አልተኛም። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እያስከተልኩ አንዳንዴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል።

ከየት እንደመጣብኝ አውቀዋለሁ። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ለሥራ ቤይሩት ሄደች። እኔን ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ፣ ታላቅ እህቷ ዘንድ ተወችኝ። ሦስት ዓመት ገደማ እዚያ አደግሁ። መብራት የለም። እትዬ ማታ ማታ ኩራዝ አብርታ ጥጥ እየፈተለች ተረት ትነግረናለች። እኔና ልጆቿ አንድ ጋቢ ተከናንበን እንሰማለን። ከሁሉም የማልረሳው የጭራቋን ነው። እናት ገበያ ስትሄድ ለልጆቿ ‹ከእኔ በቀር ለማንም እንዳትከፍቱ› ትላቸዋለች። ጭራቋ ትመጣና በእናታቸው ድምፅ ‹ልጆቼ፣ ክፈቱልኝ› ትላለች። ልጆቹ ‹እጅሽን አሳዪን› ይሏታል። እትዬ እዚህ ስትደርስ እንዝርቷን ቀጥ ታደርገዋለች። የእኛም ትንፋሽ አብሮ ቀጥ ይላል። እኔ ጎኗ ስለምቀመጥ ቀሚሷን ጨምድጄ እይዛለሁ። ቀሚሷ ጭስ ጭስ፣ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ያ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እናቴ በዚያን ጊዜ ድምጿን በካሴት እየቀዳች ትልክልኝ ነበር። እትዬ ቴፕ ያላቸው ጎረቤቶች ቤት ይዛኝ ሄዳ ታሰማኛለች። በኋላ እናቴ ተመለሰችና ወደ አዲስ አበባ ወሰደችኝ። እትዬ አሁን አርጅታለች። በዓል ሲሆን እደውልላታለሁ፤ ካየኋት ግን ብዙ ዓመት ሆነኝ።

ወደ ችግሩ ልምጣ። በቅርቡ አንድ ማታ መብራት ጠፋ። የስድስት ዓመት ልጄ ‹ደበረኝ› ሲለኝ የጭራቋን ተረት ጀመርኩለት። ጉያዬ ገብቶ ዓይኑን አፍጥጦ ሲሰማኝ ደስ አለኝ፤ እኔም ልጅ ሆንኩ። ጭራቋ ሁለተኛ መጥታ በር ስታንኳኳ መብራት መጣ። እሱም ወደ ቴሌቪዥኑ፣ እኔም ወደ ወጤ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻውን ሽንት ቤት አይገባም። ሌሊት እየባነነ እኛ አልጋ ይመጣል። ከሥራ ገብቼ በር ሳንኳኳ ሞግዚቷን ‹እንዳትከፍቺ!› ይልና ‹እማ፣ አንቺ ነሽ? እጅሽን አሳዪኝ› ይለኛል። ግራ የሚያጋባኝ ደግሞ እንዲህ እየፈራ ‹የጭራቋን ንገሪኝ› እያለ መነዝነዙ ነው።

ባለቤቴ ተቆጥቷል። የጆሮ ማዳመጫውንም ነገር ደርሶብኛል። ‹ሌሊት ሌሊት ሰይጣን ስትጠሪ ከርመሽ አሁን ደግሞ ልጁን አስጀመርሽው› አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሃይማኖቱን አጥባቂ ነው፤ እንቅልፍ ማጣቴንም ያያል። አማቴም ሰምታ ‹ልጅ እንዲህ አይደረግም› ብላ ደውላ ተቆጣችኝ። ስለ ገጠሩ ጊዜዬ ለባለቤቴ ብዙም አውርቼለት አላውቅም። ሰው የሚያስፈራ ነገር እየሰማ መጽናናቱ ጤንነት ነው? ልተወው? ልጄንስ ምን ላድርገው?

የእትዬ ልጅ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ»

ውድ የእትዬ ልጅ፣

የሚያስቅ ነገር አልጻፍሽልኝም። ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ደጋግሞ የሚመለሰው አንቺ እንደ ዋዛ ያለፍሻት ቦታ ላይ ነው። ጭራቋ ሁለተኛ መጥታ በር ስታንኳኳ መብራት መጣ፤ ልጁ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ አንቺ ወደ ወጥሽ። እህቴ፣ ተረቱን አልጨረስሽለትም እኮ!

እስቲ በእሱ ቦታ ሆነሽ አስቢው። ጭራቋ በር ላይ ቆማለች። እናትየዋ ከገበያ አልተመለሰችም። ልጆቹ ይክፈቱ አይክፈቱ አልታወቀም። አንቺ መጨረሻውን ስለምታውቂው ወጥሽን ማማሰል ትችያለሽ። እሱ ግን አያውቀውም። ስለዚህ አንቺ ማታ ከሥራ ስትመጪና በር ስታንኳኪ እሱ ቤት ውስጥ ተረቱ ገና አላለቀም። «ንገሪኝ» እያለ መነዝነዙ ግራ አያጋባሽ። ፍርሃቱን ወድዶት ላይሆን ይችላል። እናትየዋ መመለሷን መስማት ፈልጎ ነው የሚመስለኝ።

አያቶቻችን ተረት ሲጀምሩ «ተረት ተረት» ብለው ልጆቹን «የላም በረት» ያሰኟቸው የነበረው፣ ሲጨርሱም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» የሚሉት ለማሳመር ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያው ሲባል ልጁ አሁን የሚሰማው ተረት መሆኑን ያውቃል። የመጨረሻው ሲባል ደግሞ ጭራቁም አያ ጅቦም ወደ መጡበት ይሄዳሉ። ዳቦ ባይኖር ቆሎ ይቀርባል፤ ሰው ይስቃል፤ ወሬው ስለ ነገ ሥራ ይሆናል። እትዬ ይህን አንድም ቀን የዘለለችው አይመስለኝም። ያንቺን ተረት ግን መብራት ኃይል ነው የዘጋው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ተረቱን መጨረስ ነው። ማታ አይሁን፤ አልጋም ላይ አይሁን። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ መጋረጃው ተከፍቶ፣ ቤቱ ብርሃን ሆኖ ቁጭ በሉ። «ያኔ ያልጨረስኩልህን ተረት ልጨርስልህ» በይው። «የላም በረት»ን እሱ ይበል። ከመጀመሪያው ጀምሪለት፤ ልጆች የሚያውቁትን ሲሰሙ ይጀግናሉ። ከፈለገ የጭራቋን ድምፅ እሱ ያውጣ፤ አንቺ ልጆቹን ሁኚና «እጅሽን አሳዪን» በዪው። ጭራቋን ራሱ የሆነ ልጅ እሷን የሚፈራው በፊት እንደሚፈራት አይሆንም። ከዚያ እናትየዋ ትምጣ። መምጣቷን አታሳጥሪው። ከገበያ ምን ይዛ እንደመጣች፣ ልጆቹን እንዴት እንዳቀፈቻቸው፣ ማታ ምን እንደበሉ ሁሉ ንገሪው። በመጨረሻ አፍሽን በዳቦ ያብስ፤ ዳቦ አስቀድመሽ አዘጋጂ።

እጅሽን አሳዪኝ ሲልሽ አትቆጪው። አትሳቂበትም። ልጅሽ ተረቱ በደንብ ነው የገባው፤ ድምፅ ብቻ ሰምቶ በር አይከፈትም ማለት ነው። ለከተማ ልጅ ይህ ክፉ ትምህርት ነው? እኔ አይመስለኝም። በሩን ገርበብ አድርገሽ እጅሽን አስገቢለት፤ መዳፉንም ጀርባውንም አሳዪው። ቀለበትሽን ይቁጠር። አንድ ቀን ጓንት አድርገሽ አስገቢና እስኪስቅ ጠብቂው። ፍርሃቱ ጨዋታ የሆነ ለት ራሱ ይሰለቸዋል።

ሌሊት ሲባንን ደግሞ ክርክር አትግጠሚው። «ጭራቅ የሚባል ነገር የለም» የሚባለው ቀን ላይ ነው። ሌሊት የሚያስፈልገው ውኃ፣ እቅፍና የታወቀ ድምፅ ነው። ሲነጋ ያየውን ይሳለው። ቀጥሎ «አሁን ምን ብናደርጋት ይሻላል?» ብለሽ ጠይቂው፤ መልሱንም ይሳለው። ጫማ ይጠብባት፣ ጥርሷ ይውለቅ፣ የራሱ ጉዳይ ነው። ቅዠት የሚያስቸግራቸውን የሚረዱ ባለሙያዎችም የሕልሙን መጨረሻ በቀን ቀይሮ ደጋግሞ ማሰብን ይጠቀሙበታል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በዪ። ቅዠት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ወደ ንጋቱ ነው፤ ልጁ ይነቃል፣ ያየውንም ይነግርሻል። በተኛ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ዓይኑን ከፍቶ የሚጮኽ፣ አንቺንም የማያውቅሽ፣ ሲነጋም ምንም የማያስታውስ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። በልጆች ላይ የሚታይ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ጉዳት እንዳይደርስበት አጠገቡ ሁኚ እንጂ በግድ አትቀስቅሺው። ከተደጋገመ ለሕፃናት ሐኪም ንገሪ። ቅዠቱም ቢሆን ተረቱ ካለቀ በኋላ ሳምንታት አልፈውት ካልተወው እንደዚያው አድርጊ።

ለልጅ ምን ያህል ማስፈራት ይበቃል? በዴንማርክ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች ከፍለው ለመፍራት የሚገቡበት የመናፍስት ቤት ሄደው 110 ጎብኚዎች ላይ የልብ ምት መለኪያ አሰሩባቸው። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ከሁሉም የበለጠ የተደሰቱት ብዙ የፈሩት አልነበሩም፤ ምንም ያልፈሩትም አልነበሩም። መሃል ላይ ያሉት ነበሩ። ጥናቱ ስለ ልጅሽ የተጻፈ ባይሆንም መሃሉን አንቺ በዓይንሽ አይተሽዋል፦ ጉያሽ ገብቶ ዓይኑን ሲያፈጥ። ሽንት ቤት አልገባም ያለ ለት ልኩ አልፏል። ወደፊትም መለኪያሽ ይኸው ይሁን። እየሰማሽ ወደ አንቺ የሚጠጋ ልጅ ደህና ነው። ዝም ካለ፣ ጆሮውን ከያዘ፣ ወሬ ለመቀየር ከሞከረ፣ ጭራቋን እዚያው አስሪያት።

የእትዬ ተረትም ብቻዋን አይደለችም። ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ግሪም እ.ኤ.አ. በ1812 ባሳተሙት የተረት ስብስብ ውስጥ በጭራቋ ፈንታ ተኩላ፣ በልጆቹ ፈንታ የፍየል ግልገሎች አሉ። ተኩላው ድምፁን አለስልሶ፣ እግሩን በዱቄት አንጥቶ እናታቸው ነኝ ይላል። እዚያም መጨረሻ ላይ እናት ትመለሳለች። ከሐይቅ እስከ ጀርመን ልጅ የሚፈራው ተቀራራቢ ነው፤ ድምፁ የእናት ሆኖ እናት ሳትሆን ብትቀርስ የሚል ነገር።

ይህን ካልኩ አይቀር ወደ አንቺ ልምጣ።

«ጤንነት ነው ወይ?» ብለሻል። አስፈሪ ታሪክ መውደድ በራሱ በሽታ አይደለም። በኮሮና ወቅት የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት አለ። አስፈሪ ፊልም የሚወዱ ሰዎች በዚያ ጭንቅ ጊዜ ከሌላው ያነሰ የሥነ ልቦና መረበሽ ታይቶባቸዋል። ፊልሙ መድኃኒት ሆኗቸው ነው ለማለት አይቻልም፤ ድሮውኑ ጠንካሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ቢያንስ ሰው ፍርሃትን በፈቃዱ እየቀመሰ ጤነኛ ሆኖ መኖር እንደሚችል ያሳያል። የልጅነት ትዝታም እንደዚሁ ነው። በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሥራ ሰው ብቸኝነት ሲሰማው ወደ ድሮ ትዝታው እንደሚሄድ፣ ትዝታውም የሚወዱኝ ሰዎች አሉኝ የሚል ስሜት እንደሚመልስለት አሳይተዋል።

ታዲያ የትኛው ቀን ነው ማዳመጫውን የምታደርጊው? ራስሽ ነግረሽኛል። ሥራ ያጣበቀሽ ሰሞን፣ ከባልሽ ጋር የተኳረፋችሁ ማታ። በዚያ ሰዓት የምትፈልጊው ጭራቋን ነው ወይስ ቀሚሷን የምትጨመድጂላትን ሰው? መልሱን ለእኔ አትንገሪኝ፤ አልጋሽ ላይ ሆነሽ አስቢበት ብቻ። እኔ ከደብዳቤሽ ያየሁትን ልንገርሽ። ስለ ጭራቋ የጻፍሽው በጣም አጭር ነው። ስለ እትዬ ግን እንዝርቷ ቀጥ ማለቱን፣ ቀሚሷ መሽተቱን፣ ጋቢው አንድ መሆኑን ሁሉ ነግረሽኛል። እትዬ ስታስፈራሽ አጠገብሽ ነበረች። አስፈሪዋም አቃፊዋም አንድ ሰው ነበረች። ስልክሽ ላይ ያለው ድምፅ ግን ጭራቁን ብቻ ያመጣልሻል፤ እትዬን አያመጣም። ለዚህ ይመስለኛል አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚያምርሽ። ያኔ አንድ ተረት ይበቃሽ ነበር እኮ! አንድ ሰምተሽ ትተኚ ነበር። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ስትሰሚ ቆይተሽም አልጠገብሽም።

አንድ ነገር ደግሞ በጥንቃቄ ላንሳ። ላልሆነ ነገር ትርጉም እየሰጠሁ ከሆነ ተይው። እናትሽ ባሕር ማዶ ናት፤ የሚመጣልሽ ድምጿ ብቻ ነው፤ በካሴት። ማታ ደግሞ የእናት ድምፅ ይዛ ስለምትመጣ ጭራቅና እናታቸውን ስለሚጠብቁ ልጆች ትሰሚያለሽ። ያች ተረት ከሁሉም በላይ ውስጥሽ የቀረችው በአጋጣሚ ነው? ከሁሉም ተረት ያችን ለልጅሽ የመረጥሽውስ? እትዬ ይህን ሁሉ አስባ የነገረችሽ አይመስለኝም፤ እሷም ከእናቷ የሰማችውን ነው የነገረችሽ። ግን በየማታው እናትየዋ ትመለስ ነበር። አንቺም ያንን በየማታው ትሰሚ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ያህል መጽናኛ ካገኘች እስከ ዛሬ ብትይዘው አይገርምም።

ስለዚህ «ልተወው?» ላልሽኝ፣ በአንዴ ቁረጪው አልልሽም። የሚያሳስበኝ ጭራቁ ሳይሆን ዘጠኝ ሰዓቱ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ቀን ላይ ሁሉም ነገር ጭራቅ ይሆንበታል፤ አለቃም፣ ባልም፣ አማትም። ለጊዜው አንድ ታሪክ ብቻ ይሁን። የምትሰሚውን ገና ራት ላይ እያለሽ ምረጪ፤ አልጋ ላይ ሆነሽ መፈለግ ከጀመርሽ አለቀልሽ፣ እጅሽ ከስልኩ አይለቅም። ራሱ ወደ ሚቀጥለው የሚያልፈውን ነገር ከስልክሽ ላይ አጥፊው። ሲያልቅ ስልኩን ከአልጋው ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ። ይህን አድርገሽ ከአንድ ወር በኋላም ያለሱ መተኛት ካቃተሽ፣ ወይ ቀን ቀን መደንገጥ፣ ማልቀስ፣ ልብ መምታት ካለ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሪ። በሰባት ዓመት ከእናት መለየት ቀላል ነገር አይደለም፤ ለባለሙያ ቢያወሩትም አያሳፍርም።

ከምትሰሚያቸው ውስጥ ግን አንዱን ለይተሽ እንድታስቀሪ እፈልጋለሁ፤ ሌሊት ጅብ ስለሚሆነው ጎረቤት። እሱን ለልጅሽ አታውርሺው። የምለው ከሁሉም የበለጠ ስለሚያስፈራ አይደለም። ጭራቋ ሰፈር የላትም፤ ማንም ሰው ጭራቅ ነህ ተብሎ ከውኃ መቅጃ አልተባረረም። ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚባለው ቡዳ ግን ሁልጊዜ አድራሻ ነበረው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው ነበር የሚጠረጠረው። ማረሻውን ከእሱ ይገዛሉ፣ ድስቱን ከእሷ ይገዛሉ፣ ልጃቸውን ሲያዩባቸው ግን ይደብቃሉ። ጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤሎች በዚሁ ወሬ ስንት ዘመን ተገልለዋል። እንጨዋወትበታለን የምንለው ተረት ለሌላው ሰው ቤት እሳት ሆኖ ኖሯል። አንቺ ብታዳምጪው እንኳ ለስድስት ዓመት ልጅ «ጎረቤት ሌሊት ጅብ ይሆናል» ብለሽ ካወራሽለት፣ ነገ ከፎቅ በታች ያሉትን አባባ ማየት የሚጀምረው በሌላ ዓይን ነው።

ጅብ ከፈለገ ደግሞ የሐረርን ጅብ ንገሪው። እሱ እውነተኛ ነው፤ ሳያስፈራም ልብ ይሰቅላል። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ የሐረር ጁገል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በግንቡ ላይ ጅቦች ሌሊት የሚገቡባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ሐረሪዎች ጅብን «ወራባ» ይሉታል። ሲመሽ ስም እየጠሩ ሥጋ የሚያበሏቸው ሰዎች አሉ። በአሹራ ሰሞን ደግሞ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ እንደ አበላላቸውም መጪው ዓመት ይተነበያል። እኛ ልጅ ዝም ለማሰኘት «ጅብ መጣ!» የምንለውን ሐረር ላይ በስሙ ጠርተው ያጎርሱታል። ልጅሽ ይህን ሲሰማ ስንት ጥያቄ እንደሚጠይቅሽ አስቢው።

ባለቤትሽን በተመለከተ። «ሰይጣን እየጠራሽ» ማለቱ እንዳስከፋሽ ይገባኛል። ግን ስለ ሰይጣን ክርክር አትግጠሚው፤ በእምነቱ መጥተሽ አታሸንፊውም፣ ማሸነፍም አያስፈልግሽም። ከቁጣው ሥር ያለውን ፈልጊ። ሚስቱ ሌሊት ከጎኑ ሆና ጆሮዋን ደፍና የማያውቀውን ነገር ትሰማለች፤ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ትነሳለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አታወራውም። እኔም ብሆን እፈራ ነበር። በዚያ ላይ ስለ ገጠሩ ጊዜ ብዙ አልነገርሽውም። ከምን ያህል ዓመት ትዳር በኋላ ይሆን? ለምንስ ይሆን? እንደ ጥፋት አድርገሽ አልያዝሽውም? ባይሆን ልጁ ከተኛ በኋላ ሻይ አፍልተሽ ስለ አስፈሪ ታሪክ ሳይሆን ስለ እትዬ ንገሪው። ስለ ካሴቱ ንገሪው። የጆሮ ማዳመጫው ነገር ከዚያ በኋላ ራሱ ይገባዋል። እሱንም ጠይቂው፤ ማታ ማታ ማን ተረት ይነግረው ነበር? ወይስ ማንም? አንዳንድ ሰው ቁጣው የሚበዛው እሱ ያላገኘውን ነገር ሲያይ ነው፤ የባልሽ እንዲያ ነው አልልም፣ መጠየቁ ግን አይጎዳም። ከመተኛታችሁ በፊት አብሮ መጸለይ ቢፈልግ አብረሽው ጸልዪ። ጸሎቱም አንዱ ታሪክሽም በአንድ ማታ ይገባሉ።

እትዬን ደግሞ በዓል ሳትጠብቂ ደውዪላት። የበዓል ስልክ እንደምታውቂው ነው፤ «እንዴት ናችሁ፣ ደህና ነን፣ ልጁ አደገ?» ተብሎ ካርድ ያልቃል። አሁን ጥያቄ ይዘሽ ደውዪ። «እትዬ፣ ጭራቋ መጨረሻ ላይ ምን ነበር የምትሆነው?» በያት። በደንብ ብታስታውሺውም ጠይቂያት። ጆሮዋ ደህና ከሆነ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጊው፤ ልጁም ይስማ። ፈቃዷን ጠይቀሽ ቅጂያት። ሳል ይኑረው፣ በመሃል ዶሮ ይጩኽ፣ አታስቁሚያት። ያን ቅጂ አንዳንድ ማታ በአንዱ ታሪክሽ ቦታ አድርጊው። ከዚህ በላይ ደግሞ መንገዱ ሲመች ሂጂ። ልጁን ይዘሽ ሂጂ፤ ባልሽ ከመጣ ይበልጥ ጥሩ። ያረጁ ሰዎችን ነገር ለከርሞ ማለት አይመከርም።

አማትሽን እንዳትጣያት። በስልክ ክርክር አትጀምሪ፤ «ልክ ነሽ እማማ፣ ልጁ ፈርቷል፣ እያስተካከልኩት ነው» በያት። እውነትም ነው። ከዚያ ቅዳሜ ምሳ ጥሪያትና ተረቱ ሲያልቅ አብራ ትቀመጥ፤ ዳቦውን እሷ ትቁረስ። የእሷ አገር ጭራቅ ምን ዓይነት እንደነበርም ጠይቂያት፤ አንድ የምታውቀው አታጣም።